ሮስተር፣ ዱቤ፣ ኮምባይነር፦ ከትንሽ ከተማ ሶፍትዌር መሸጥ

ሰኔ ሲገባ በአርሲ ትምህርት ቤቶች የመምህራን ማረፊያ ውስጥ የሚዘረጋው ወረቀት ጠረጴዛውን ሙሉ ይሸፍናል። ሮስተር ይባላል። ስም ጠሪው መምህር በግራ በኩል የተማሪዎቹን ስም በፊደል ተራ ይደረድራል፤ ጾታና ዕድሜ ይከተላሉ፤ ከዚያ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ እያለ ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱ ለአንደኛው ሴሚስተር፣ አንዱ ለሁለተኛው፣ አንዱ ለአማካዩ። ስልሳ ልጅና አሥር የትምህርት ዓይነት ባለበት ክፍል የሁለቱ ሴሚስተር ውጤት ብቻ 1,200 ቁጥር ነው። መሣሪያው ማስመሪያ፣ የስልክ ካልኩሌተር፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፍሉድ። የባዮሎጂ መምህሩ ዘግይቶ መጥቶ አንድ ማርክ ካስተካከለ የዚያ ልጅ ድምር ይፈርሳል፤ ድምሩ ሲፈርስ አማካዩ፣ አማካዩ ሲፈርስ ደረጃው፤ ደረጃው ከተነሣ ደግሞ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይንሸራተታሉ። ፍሉዱም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ወረቀት የወር ገቢ ማውጣት ይቻላል ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ሶፍትዌር ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት ሲባል አብዛኛው ወጣት የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፤ ፕሌይ ስቶር ላይ የተጫነ አፕ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዶላር፣ ሲያድሩ የሚያድግ ቁጥር። እኔ ደግሞ አርቦዬን ለመሰለ ከተማ የሚያዋጣው ሮስተሩ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

አርቦዬ በአርሲ ዞን የጀጁ ወረዳ መቀመጫ ናት። አርሲ ሲባል በብዙ ሰው ልብ የሚመጣው ስንዴ፣ የቢራ ገብስና ሯጭ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የበቆጂ። ሶፍትዌር የሚያስብ የለም። ይሁን እንጂ አሰላ በዚህም መስክ ስም ያላት ከተማ ናት፤ የራይድ የታክሲ መጥሪያ አገልግሎት መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ አሰላ ነው የተወለደችው። እስከ 17 ዓመቷ ድረስ ኮምፒውተር ነክታ እንደማታውቅ ራሷ ተናግራለች። አዲስ አበባ ገብታ ፕሮግራመር ከሆነች በኋላ፣ ማታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማጣቱና ከሹፌር ጋር በዋጋ መጨቃጨቁ ሲያስመርራት ሃይብሪድ ዲዛይንስ በተባለው ድርጅቷ አገልግሎቱን ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሠራ ነበር፤ አፑ የመጣው በ2017 ነው። ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ 8294 ላይ መደወል ነበር።

ራይድ ዛሬ የአንድ ሰው የጎን ሥራ አይደለም፤ ትልቅ ድርጅት ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ አነሳሱ ነው። ሴትዮዋ የጀመረችው ራሷን ካማረራት ነገር ነው፤ የተጠቀመችውም ደንበኛዋ እጅ ላይ የነበረውን ተራ መልእክት ነው። ኢንተርኔት እስኪስፋፋ አልጠበቀችም።

አሁን ያለው ወጣት ግን ዓይኑ ዶላሩ ላይ ነው፤ ምክንያትም አለው። የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲጀመር ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራ፣ ዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ቀረበ። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። አንድ እጁ ላይ ሰርተፊኬት፣ በሌላው የምንዛሪ ዜና የያዘ ልጅ «በወር ሃምሳ ዶላር ባገኝ» ብሎ ቢያሰላ አይፈረድበትም።

መንገዱ ግን በየደረጃው በር አለበት። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ 25 ዶላር አንዴ ይከፈላል፤ አፕል ዘንድ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። በብር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ከባዱ የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም፣ የሚከፍልበት ካርድ ማግኘቱም ነው። ካርዱ ከተገኘ በኋላ አዲስ የግል አካውንት ያለው ሰው አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ቀን ሳያቋርጡ እንዲሞክሩለት ጎግል ያዛል። ይህንንስ ጓደኞቹን ለምኖ ይወጣዋል እንበል። ገቢው ከማስታወቂያ ከሆነ፣ በጎግሉ አድሞብ 100 ዶላር እስኪጠራቀም ድረስ አይከፈልም፤ አገር ውስጥ የሚታይ ማስታወቂያ ደግሞ የሚያስገኘው ሳንቲም ነው። ፕሮግራሙን ራሱን ለውጭ ሰው ልሽጥ ካለ፣ የዓለም ትንንሽ ሶፍትዌር ሻጮች አብዝተው የሚጠቀሙበት ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሻጭ አካውንት አይከፍትም። ዙሪያውን ዞረው የሚገቡበት መንገድ ያገኙ ጎበዞች አሉ፤ ውጭ ዘመድ ያለው፣ ባንክ ዘንድ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ የከፈተ። አርቦዬ ላይ ቁጭ ብሎ ለጀመረ ሰው ግን ገና ምንም ሳይሸጥ ወራቱ በበር ማንኳኳት ያልቃል።

ትንሽ ሶፍትዌር በጎን ሠርቶ መሸጥን በዓለም ታዋቂ ካደረጉት ሰዎች አንዱን ብናይ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ፓትሪክ ማኬንዚ የተባለ አሜሪካዊ በጃፓን ጊፉ ክፍለ ሀገር፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ ይኖር ነበር። በቀን የአንድ ድርጅት ተቀጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 በ60 ዶላር መነሻ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለገበያ አወጣ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ለክፍል ጨዋታ የሚሆን የቢንጎ ካርድ የሚያትሙበት። ሌላ ምንም አይሠራም። መምህራኑ ገዙት፤ ገቢው በየወሩ በጥቂቱ አደገ፤ በ2010 መደበኛ ሥራውን ለቀቀ። ሰውየው ገጠር፣ ደንበኞቹ መምህራን፣ ዕቃው ደግሞ ማንም ባለሙያ ለመሥራት የሚንቀው ነገር። ከአርቦዬው መምህር የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ የደንበኛውን ገንዘብ በካርድ መቀበል ይችል ነበር።

የአርቦዬው መምህር የምለው በስም የማውቀው አንድ ሰው አይደለም። በየትንሹ ከተማ ያሉ የብዙ ሰዎችን ኑሮና ጠባይ አዳብዬ ያቆምኩት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይቲ ያስተምራል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. የደመወዝ ማስተካከያ በኋላ ለጀማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ባለቤት የተቆረጠው 11,500 ብር ነው፤ የእሱንም ከዚያ ብዙ የማይርቅ አድርጉት። አሮጌ ላፕቶፕ አለው። ባትሪው ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለማይቆይ የመብራቱን ጠባይ አብጠርጥሮ ያውቃል። ስም ጠሪም ነው፤ ስለዚህ ሮስተሩ የራሱ ሕመም ነው።

መጀመሪያ የሚሠራው በኤክሴል ነው፤ ጥሩ ምርጫ ነው። ኤክሴል የሌለበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር የለም፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ርእሰ መምህሩም ሲያየው አይደነግጥም። ማርኩ ይገባል፤ ድምርና አማካዩ ይወጣል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ሁለት ልጆች እኩል ሦስተኛ ቢወጡ ቀጣዩ ስንተኛ ነው? ኤክሴል አምስተኛ ይላል። አንዳንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ካልሆነ አይቀበልም። በመጋቢት ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ከስሙ ትይዩ ያለው ባዶ ቦታ እንደ ዜሮ ከተቆጠረ የክፍሉን አማካይ ያወርዳል፤ እንዲወጣ ከተደረገ ደግሞ ስሙ ከሮስተሩ መሰረዝ አይፈቀድም። አንድ ፈተና ያልወሰደ ልጅ ደረጃ አይሰጠውም፤ ግን ድምሩ ይታያል። ማርክ ለማስቀየር የሚመጣ ዘመድም ይኖራል፤ ስለዚህ የገባው ማርክ መቆለፍ አለበት፤ ማን መቼ እንደከፈተውም መታወቅ አለበት። የውጤት ካርዱ በኦሮምኛ በቁቤ ይታተማል፤ የግል ትምህርት ቤቱ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም አያውቀውም። ስም ጠሪ የነበረ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። የሚሸጠውም ይሄው እውቀት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ላይ የልደት ቀኑን «ጳጉሜን 6» ብሎ ለማስገባት የሞከረ ሰው የሚገጥመውን ያውቃል፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። 2015 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፤ ዘመነ ሉቃስ። ሰዓቱም ጠዋት አንድ ብሎ ይጀምራል። ስማችን በአባት ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይሄድም፤ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ያለበት ቅጽ ላይ ግማሹ ሰው የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ይሞላል። በአማርኛ ሲፈለግ ደግሞ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሃይሉ ሦስት ሰው ሆነው ይመጣሉ፤ ፕሮግራሙ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ ካልፈለገ የእድር ጸሐፊው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል።

ሁለተኛው ገበያ ሱቁ ነው። የዱቤ መዝገብ የሌለው ሱቅ በከተማው የለም፤ ሽፋኑ የረገፈ፣ ገጾቹ ዘይት የጠጡ። መምህሩ አንዱን ባለሱቅ ሊያሳምን ሲሄድ ንግግሩ እንዲህ ያለ ነው የሚሆነው።

«ጋሼ፣ ይሄ መዝገብዎ ቢጠፋስ?»

«አይጠፋም። አሥራ አምስት ዓመት አልጠፋም።»

«ቢቃጠልስ?»

«እሱ ከተቃጠለ ሱቁም አብሮ ነው። ያኔ ዱቤ ማን ያስባል?»

«ድምሩን ግን በአንድ ጊዜ ያወጣልዎታል፤ ማን ስንት እንዳለበት…»

«ቲቸር፣ ማን ስንት እንዳለበትማ እኔም አውቃለሁ። ሳላስቀይመው የሚጠይቅልኝ ካለህ እሱን አምጣ።»

መምህሩ ተስፋ ቆርጦ ቢመለስ አይገርምም፤ ግን ባለሱቁ በነፃ ትልቁን ትምህርት ሰጥቶታል። ዱቤ ጠያቂና ተጠያቂ ጎረቤት ናቸው፤ በአንድ እድር ይቀባበራሉ። ፊት ለፊት «ክፈል» ማለት ያስነውራል። ደመወዝ በወጣ ማግስት በስልክ የሚደርስ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ በትሕትና የተጻፈ፣ «ቀሪ ሒሳብዎ ይህን ያህል ነው፣ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ግን ማንንም አያስነውርም፤ ኮምፒውተሩ ነው የላከው። ሳምራዊት ከጀመረችበት ቦታ ነን፤ ተራ መልእክት።

ለዚህ የሚሆነው አፕ የሚሠራው ባለሱቁ ስልክ ላይ ነው። መልእክቱ ከራሱ ሲም ካርድ፣ ከራሱ ጥቅል ይወጣል። ጎግል ግን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክት የመላክ ፈቃድ የሚጠይቁ አፖችን በፕሌይ ስቶር ላይ አጥብቆ ይቆጣጠራል፤ እንዲህ ያለው አፕ ማለፉ አጠራጣሪ ነው። መምህሩ ግን ስቶሩን አይፈልገውም። ፋይሉን በቴሌግራም ይልከዋል፤ ወይም ሱቁ ድረስ ሄዶ ራሱ ይጭነዋል። 25 ዶላሩም ቀረ፣ 12ቱ ሞካሪዎችም ቀሩ።

ከተጫነ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ። ስልኩ ይጠራል። «ቲቸር፣ ያ ነገር እምቢ አለ።» ሄዶ ሲያየው የስልኩ ሜሞሪ በቪዲዮ ሞልቷል። ሌላ ቀን የይለፍ ቃሉ ተረስቷል። ሌላ ቀን የባለሱቁ ልጅ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ አስነሥቶታል፤ መዝገቡ የለም። እዚህ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ ያላስቀመጠ ሠሪ ደንበኛውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ በከተማው ስሙ ይጠፋል። ትንሽ ከተማ ውስጥ አሥር ሱቅ ማለት አንድ ወሬ ነው። ወርኃዊ ክፍያው የሚጠየቀው ለኮዱ ሳይሆን ለዚህ ለመመላለሱ ነው፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

ለምን በየወሩ? አንዴ ሸጦ መገላገል አይሻልም? እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ መልስ አለው። የአማርኛ ሶፍትዌር ራሱ ሲጀመር የጎን ሥራ ነበር። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ፍሥሐ አጥላው የተባሉ በካሊፎርኒያ የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ ዳሸን በተባለው ድርጅታቸው በኩል ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ አወጡ። በኮሎራዶ ደግሞ ዶክተር አበራ ሞላ፣ የእንስሳት ሕክምና ምሁር፣ ሞድኤት የተባለውን ሠሩ። እነ ዳንኤል ያዕቆብ በለፉበት ሥራ ግዕዝ ፊደል በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የዩኒኮድ 3.0 አካል ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ወጡ፤ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱ ገቡ። ከገዛቸው ግን በፍሎፒ፣ በሲዲና በፍላሽ የቀዳቸው እንደሚበዛ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ጽሕፈት ቤት ገብቶ «ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ማለት ይበቃል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ጥበቃው ግን አርቦዬ ድረስ የሚወርደው ክስ የሚመሠርት ሰው ሲኖር ነው፤ ለ200 ብር ሮስተር ማን ይከሳል? ፋይሉን የሸጠ ሰው አንዴ ይሸጣል፤ በማግስቱ ፋይሉ ወረዳውን ያዳርሳል። አገልግሎቱን የሸጠ ግን ቢቀዳም አይጎዳም፤ ቀጂውም ሲቸገር የሚደውለው ለእሱ ነው።

ሰው ሳይገደድ ይከፍላል ወይ የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ጂም ኖፕፍ የአይቢኤም ሠራተኛ ነበር፤ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የምእመናን አድራሻ ማተሚያ ብሎ የጀመረውን ፕሮግራም አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1982 በነፃ አሰራጨው፤ ከወደዱት ገንዘብ እንዲልኩለት ጠየቀ። ሚስቱ አልመሰላትም ነበር። ደብዳቤና ቼክ ጎረፈ፤ በኋላ አይቢኤምን ለቆ በዚሁ ኖረ። ልብ በሉ፤ የእሱም መነሻ የአጥቢያው መዝገብ ነው። የእኛ እድር የሚሰበስበውን ወርኃዊ መዋጮ በምን ይመዘግባል?

ወደ ክፍያው ልምጣ። ይህ ከአምስት ዓመት በፊት ቢጻፍ እዚህ ላይ ይቆም ነበር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። ሳፋሪኮም ኤምፔሳን በ2023 እ.ኤ.አ. አመጣ። ናኤል ኃይለማርያምና እስራኤል ጎይቶም የመሠረቱትን ቻፓን የመሳሰሉ የክፍያ መተላለፊያዎች ደግሞ ድረ ገጽ ያለው ሻጭ ከባንክም ከቴሌብርም በአንድ ቦታ እንዲቀበል አስችለዋል። ለመምህሩ ግን እነዚህ መተላለፊያዎች ሁለተኛ ደረጃ ናቸው፤ ወደዚያ ለመግባት የንግድ ወረቀቱ መሟላት አለበት። ለአሥራ ሁለት ሱቅ በቴሌብር ከስልክ ወደ ስልክ ይበቃል። የሚልኩለትን ስክሪንሾት ግን አይመን፤ ስክሪንሾት መፈብረክ የልጅ ሥራ ሆኗል። የግብይት ቁጥሩን ተቀብሎ ደረሰኙን ራሱ ከፍቶ ይይ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመክፈል ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ከዚያም በፊት ሦስት ፕሮፎርማ። የሮስተር ፕሮግራም የሚሸጥ ሰው በወረዳው አንድ ከሆነ ሁለቱን ፕሮፎርማ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ከፋዩ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ስም ጠሪው ራሱ ነው፤ የሦስት ቀን ሥራና አንድ ጠርሙስ ፍሉድ ተርፎለት 200 ብር በዓመት ከኪሱ ያወጣል። የግል ትምህርት ቤት ይቀላል፤ ባለቤቱ ካመነ በዚያው ቀን ይልካል። ሥራው ሲሰፋ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና ንግድ ፈቃዱ መምጣቱ አይቀርም፤ መደበቅ አያዋጣም።

ሦስተኛ ሐሳብ አለ፤ አርሲ ውስጥ ኮድ የሚችል ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ያስበዋል። ኮምባይነር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስንዴው ሲደርስ ገበሬ ኮምባይነር ይሻማል፤ ዝናብ ሳይመጣ፣ እህሉ ሳይረግፍ። ማሽኑ በኩንታል ሒሳብ ያጭዳል፤ ከአርሲ ወደ ባሌ ይዘዋወራል። በመካከል ደላላ አለ። «አፕ ሠርቼ ደላላውን ላስቀር» የሚለው ሐሳብ ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ አያዋጣም እላለሁ። ደላላው የሚከፈለው ስልክ ቁጥር ስላለው አይደለም፤ ሹፌሩ በመንገድ ላይ የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ሲታጠፍ አንገቱን ይዞ የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ይህን ኃላፊነት አንድ መምህር በላፕቶፑ አይሸከመውም። «ለእርሻ» የተባለው አገልግሎት ከግብዓት ጀምሮ እስከ ማሽን ኪራይ ለገበሬው ለማቅረብ የተነሣው ድርጅትና የመስክ ወኪሎች ይዞ ነው። የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ከጀርባው የመንግሥት ተቋም ነበረው። ከኮምባይነሩ ጉዳይ ለአንድ ሰው የሚተርፈው ትንሹ ቁራጭ ነው፤ ለአንድ ማሽን ባለቤት ስንት ኩንታል አጨደ፣ ማን ከፈለ፣ ነዳጅ ስንት ገባ የሚል መዝገብ። እሱም ያው የዱቤ መዝገቡ ነው፣ ዓምዱ ተቀይሮ።

ከመስመር ውጭ መሥራቱን ደግሜ ማንሣት አለብኝ። መብራቱን ተዉት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ለፈተና ሲባል ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቷል፤ በሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፍቷል። መረጃውን ሁሉ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ሠሪ እንዲህ ባለ ጊዜ ደንበኛውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። መዝገቡ ደንበኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲኖር ቅጂው ይላክ። ሌላም ምክንያት አለ፤ የልጆች ውጤትና የሰው ዕዳ የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ «መምህሩ የሰፈሩን ዕዳ ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይዟል» መባሉ ከሐሜት ያለፈ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ሒሳቡን በግምት እንሥራው። 12 ሱቆች በወር 300 ብር ቢከፍሉ 3,600 ብር። 40 ስም ጠሪዎች በዓመት 200 ብር ቢከፍሉ 8,000 ብር፤ በወር ሲካፈል 667 ብር ገደማ። ድምሩ 4,267 ብር፤ ከ11,500 ብሩ ጋር ሲነጻጸር ከሲሶ በላይ ነው። ከዚህ ላይ የኢንተርኔት ጥቅልና አንዳንዴ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዳማ የሚያስኬድ ትራንስፖርት ይቀነሳል። ሁለት ሱቅ ክፍያ ያዘገያል፤ አንዱ ጨርሶ ይተዋል። የሮስተሩ ገንዘብ በጥርና በሰኔ እንጂ በየወሩ አይመጣም። 12 ሱቅ ለማግኘት ሠላሳ በር መግባት ያስፈልጋል፤ ይህም የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ኮዱ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ጊዜ ነው።

ይህ ገንዘብ ከተማ አያስቀይርም፤ መኪናም አያስገዛም። የልጅ ወተትና የቤት ኪራይ ግን ይደግፋል፤ ምንዛሪ ቢወጣ ቢወርድ አይነካውም፤ ውጭ አገር ያለ ድርጅት አንድ ጠዋት ተነሥቶ አካውንት ዘግቶ አያስቀረውም። ዶላሩን ለሚያልም ልጅም ቢሆን መጀመሪያ አሥር ጎረቤቱን ሳያስከፍል ፕሌይ ስቶር ላይ ወጥቶ የማያውቀውን ሰው አስከፍላለሁ ማለቱ ጉራ ነው።

ስለዚህ ሰርተፊኬቱን ለያዛችሁ የአርሲ ልጆች፦ የአንደኛው ሴሚስተር ሮስተር የሚሠራው ጥር ላይ ነው። በታኅሣሥ አንድ ስም ጠሪ ፈልጉና የዓምናውን ወረቀት አሳየኝ በሉት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንድ ክፍል አብራችሁ ሥሩ። ዋጋውንም የዚያኑ ዕለት ንገሩት፤ ለመጀመሪያው ሰው በነፃ አትስጡ። ባለሱቆችና ርእሰ መምህራንም፣ ልጁ ሲመጣ «የኛው ልጅ አይደል» ብላችሁ በምስጋና ብቻ አትሸኙት። ክፈሉት፤ ካልከፈላችሁት በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ነው፣ ፕሮግራሙ ሲበላሽም የሚያነሣላችሁ ስልክ የለም።